በምላስ የተፈተነ ቅባት

ሰመራ ላይ ጥፋት ሁሉ የሙቀት ነው። ራሱን ያመመውም፣ ከሚስቱ የተጣላውም፣ የቢሮ ፋይል የጠፋበትም ጣቱን ወደ ፀሐይ ይቀስራል። የሶፊያ እጆች መሰንጠቅ ሲጀምሩም ሰፈሩ ሳይመካከር አንድ ፍርድ ፈረደ፤ «ሙቀቱ ነው»። ሶፊያ ደግሞ አዋሽ ተወልዳ አዋሽ ያደገች ልጅ ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ አብሯት የኖረ ሙቀት ዛሬ ተነሥቶ ጣቶቿን ብቻ መርጦ የሚበላበት ምክንያት ሊገባት አልቻለም።

ፀጉር ሠሪ ናት፤ እጇ እንጀራዋ ነው። በወንጌላዊት የሴቶች ፀጉር ቤት ሹሩባ የምትፈልገውም፣ በካውያ የምትተኮሰውም «ሶፊያን እጠብቃለሁ» ብላ ነበር ወረፋ የምትይዘው። አሁን እነዚያው ደንበኞች ራሳቸውን ከመስጠታቸው በፊት እጇን ያያሉ። በጣቶቿ መሃል ውሃ የቋጠሩ ጥቃቅን ነገሮች ይወጣሉ፤ ይፈርጡና ቆዳው ይላጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። አንዷ ደንበኛ ወደ ጓደኛዋ ጠጋ ብላ «ተላላፊ ነው እንዴ?» ስትል ሶፊያ ከኋላዋ ቆማ ማበጠሪያ እንደያዘች ሰማቻት። ሹሩባውን ከወትሮው ጠበቅ አድርጋ ሠራችው።

የቤቱ ባለቤት ወንጌላዊት ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፈሪ ናት እንጂ። ባሏ በመንግሥት ሥራ ሰመራ ሲመደብ አብራው ከደጋ ወርዳ፣ ፀጉር ቤቱን ከባዶ ክፍል አንሥታ ያቆመች ናት። ደንበኛ ይሸሻል ካሏት የገዛ ጥላዋንም ከቤት ታስወጣለች። «ጓንት አድርጊ» አለቻት መጀመሪያ። ጓንቱ ውስጥ ላብ ሲጠራቀም ቁስሉ ባሰበት። ቀጥላም «እስኪሻልሽ እናትሽ ጋ ብትሄጂስ?» አለቻት። ይህ «እስኪሻልሽ» የሚባል ነገር ቀን እንደሌለው ሁለቱም ያውቃሉ። በሶፊያ ወንበር የምትተካ ልጅም እየተፈለገች እንደሆነ ሶፊያ ሰምታለች።

እልህ ያዛት። ሚኒባስ ተሳፍራ ዱብቲ ሄደችና የቆዳ ሐኪም ዘንድ ቀረበች። ሐኪሟ እጇን አገላብጣ አየች፤ ስለ ሙቀትም አንዲት ቃል አልተናገረችም።

«ሥራሽ ምንድን ነው? በእጅሽ ምን ምን ትነኪያለሽ?»

ሶፊያ ዘረዘረችላት፤ ሻምፖው፣ ቀለሙ፣ ቅባቱ፣ ሳሙናው።

«ሁሉንም ተዪው። እጅሽ ወደ ቦታው ሲመለስ አንድ በአንድ፣ ክንድሽ ላይ ትንሽ እየቀባሽ፣ እየጠበቅሽ እዪ። ሁሉንም በአንዴ ከነካሽ ግን የትኛው እንደበላሽ ሳታውቂ ትቀሪያለሽ።»

እንደተባለችው አደረገች። ሻምፖው ምንም አላላትም። ቀለሙም ምንም አላላትም። የፀጉር ቅባቱን የቀባችበት ክንዷ ግን በማግስቱ ቀላ፤ ቀጥሎ አሳከካት፤ ከዚያ እጇ ላይ የምታውቃቸው እነዚያው ውሃ የቋጠሩ ነገሮች ተደረደሩበት። ያን ጊዜ ቅባቱ ቀረፋ ቀረፋ እንደሚሸት አስተዋለች፤ የቀረፋ ማስቲካ ባኘከች ቁጥር ከንፈሯ የሚያብጠውም ትዝ አላት።

«ያው አንድ ነገር ነዋ» አለቻት ሐኪሟ፣ ተመልሳ ሄዳ ስትነግራት። «ቀረፋን ቀረፋ ቀረፋ የሚያሸተው ኬሚካል ነው። ፋብሪካ ይሠራውና ብስኩት ውስጥም፣ ማስቲካ ውስጥም፣ የጥርስ ሳሙና ውስጥም፣ ቅባት ውስጥም ይገባል። አብዛኛውን ሰው ምንም አያደርገውም። የአንዳንዱ ሰው ቆዳ ግን አንዴ ከጠላው ጠላው ነው፤ ዕድሜ ልኩን አይታረቀውም። መድኃኒቱ መራቅ ብቻ ነው።»

«በምን አውቄ ልራቅ? ዕቃው ላይ አልተጻፈ።»

«እሱን እንግዲህ የሠራውን ሰው ጠይቂው» አለች ሐኪሟ።

ችግሩም እዚህ ላይ ነበር። ቅባቱን የሚሠራው አቤሴሎም ነው፤ አቤሴሎም ደግሞ ወንድሟ ነው።

በደም አይደለም። አዋሽ ምድር ባቡር ሰፈር ግን እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማንም ቆጥሮ አያውቅም። የሱ እናት ክርስቲያን፣ የሷ እናት ኡምሰልማ ሙስሊም፤ ሁለቱም የባቡር ሠራተኛ ሚስቶች፣ የሚኖሩትም ግድግዳ ተጋርተው ነበር። የአቤሴሎም እናት ወልዳ በወባ ስትወድቅ ኡምሰልማ በአንድ ጡቷ ሶፊያን፣ በሌላው አቤሴሎምን አጥብታ አሳደገች። በረመዳን ማፍጠሪያ ሰዓት ከማንም ቀድሞ ሰሃን ይዞ የሚቀመጠው፣ «አንተ ደግሞ ምን ጾመህ ነው?» ሲባል «ዛሬ ትምህርት ቤት ከብዶኝ ውሏል» የሚለው እሱ ነበር።

እናቱ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። አዋሽ ገበያ ቅቤ ሳይቀመስ አይሸጥም። ለወጥም ይሁን ለራስ፣ ገዢዋ በጣቷ ጫፍ ነካ አድርጋ ምላሷ ላይ ታኖረዋለች፤ ባዕድ ነገር የገባበትን ምላስ ይለየዋል። አቤሴሎም ቅባት መሥራት ሲጀምር ይህንኑ የእናቱን ወግ ይዞ ወጣ። በሴቶች መሃል ይቆማል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ በጣቱ ይዝቃል፣ ይልሳል፣ ከንፈሩን ያጣጥማል። «እኔ የምበላውን ነው የምትቀቡት» ይላል። ሴቶቹ ይስቃሉ፤ እየሳቁም ይገዛሉ። ቅባቱ ከአዋሽ ተነሥቶ እስከ ዲቾቶ መንገድ ዳር ሱቆች የደረሰው በዚህች ጣት ነው። ቅባት በቆዳ እንጂ በምላስ እንደማይሠራ ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም፤ ሶፊያ ራሷም ብትሆን።

ደወለችለት።

«ቅባቱ ውስጥ ምን ታደርግበታለህ?»

«ምነው ሶፊ፣ ልትወዳደሪኝ አሰብሽ?»

«መልስልኝ።»

«የብስኩት ቀረፋ ነው። እሴንሱ፣ ሽታ የሚሰጠው ፈሳሽ። ጠብ ጠብ ነው የማደርግበት። ሰው የሚበላው ነገር ነው እኮ።»

«እጄን በላው፣ አቤሴሎም።»

«እጅሽን የበላው ሙቀቱ ነው» አለ።

ደሟ ፈላ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅባቱን የምትፈልግ ደንበኛ ስትመጣ «እኔ በእጄ አልነካውም፤ ቀረፋ አለው፣ አቁስሎኛል» ትል ጀመር። ወሬ መቼም ከአውቶቡስ ይፈጥናል፤ ሳምንት ሳይሞላ አዋሽ ደረሰ። አቤሴሎም «እህቴ ስሜን አጠፋችው» ብሎ ለሽማግሌ አመለከተ።

በባቡር ሰፈር ጎረቤት ከጎረቤት ሲጋጭ ነገሩ ወደ ቢሮ አይሄድም። የሚሄደው የቀድሞው ጣቢያ ሹም አቶ ተክለ ማርያም ደጅ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር ነው። ኡምሰልማ ደወለችና «ነይ ልጄ፤ ሊያስታርቁን ነው» አለቻት። ሶፊያ ይህ ዕርቅ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ታውቃለች። ታናሽየዋ ትውጣለች፣ ታላቅየው ይስማል፣ ሻይ ይጠጣል። ለመዋጥ ሳይሆን ላለመዋጥ ተሳፈረች።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተሰበሰቡ። አቶ ተክለ ማርያም ጡረታ ከወጡ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ሸሚዛቸውን ግን ዛሬም እስከ አንገታቸው ይቆልፋሉ። አቤሴሎም የመጣው ብልቃጥ ሙሉ ቅባት ይዞ ነው። ንግግር ሳያበዛ ክዳኑን ከፈተ፣ በጣቱ ዛቀ፣ ላሰ።

«አባባ፣ ይኸው። መርዝ ከሆነ እኔ ልቅደም።»

ብልቃጡ ዞረ። አቶ ተክለ ማርያም ነካ አድርገው ቀመሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። ኡምሰልማም ቢስሚላሂ ብላ ቀመሰች።

«ትኩስ ዳቦ ቢኖር ጥሩ ነበር» አለች።

ሁሉም ሳቀ። ሶፊያም ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች፤ በራሷም በጣም ተናደደች። አቤሴሎም ሰውን የሚረታው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያስቅሃል፣ ስቀህ ስታበቃ የመጣህበትን ረስተኸዋል።

«ብሉት ያላችሁ ሰው አለ?» አለች። «እኔ ምላሴን አላመመኝም። አባባ፣ ቅባት ነው ካለ እንደ ቅባት ይፈተን። ሁላችሁም ክንዳችሁ ላይ ትንሽ ቀብታችሁ በፋሻ እሠሩት። እሑድ ይፈታ።»

አቶ ተክለ ማርያም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ፍትሐዊ ነው» አሉ። የሳቸውም፣ የኡምሰልማም፣ የአቤሴሎምም ክንድ ታሠረ። ሶፊያም የራሷን ክንድ ዘረጋች።

«አንቺስ ተዪ» አለች እናቷ። «ያንቺን አይተናል።»

«አላያችሁም፣ እማዬ። እጄን አይታችሁ ሙቀት ነው ያላችሁት።»

እነዚያ ቀናት ረዘሙባት። ኡምሰልማ ስትወጣ ስትገባ ትለምናታለች። «የጡት ወንድምሽ ነው። ስሙ ከተበላሸ የማን ስም ነው የሚበላሸው? የኔ ልጅ አይደለም? በአላህ ይሁንብሽ፣ ነገሩን እዚሁ ቅበሪው።» ሶፊያ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ትቀመጣለች። ፋሻው ሥር ክንዷ ይነዳል። ብታከክ ደስ ባላት፤ ግን አላከከችም። አከከችው ብለው እንዲያመካኙባት አልፈለገችም።

እሑድ፣ አቶ ተክለ ማርያም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፋሻው ተፈታ። የሳቸው ክንድ ንጹሕ ነው። የኡምሰልማ ክንድ ንጹሕ ነው። አቤሴሎምም የራሱን ፈትቶ ክንዱን ወደ ላይ አነሣና ለሁሉም አሳየ፤ ወንዝ ውስጥ የዋለ ይመስል ንጹሕ ነበር።

ቀጥሎ ሶፊያ የራሷን ፈታች። ፋሻው ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ስለነበር ስትስበው ቆዳ ይዞ መጣ። ቅባቱ ያረፈበት ቦታ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ውሃ ቋጥሮ ያዥ ነበር። ኡምሰልማ «ያ ረብ» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አቤሴሎም የተነሣው ክንዱ ቀስ እያለ ወረደ። ደንግጧል፤ ክፉ ሰው አይደለምና። የደነገጠ ነጋዴ ግን ነጋዴነቱ አይጠፋም።

«አየሽ እንግዲህ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንቺ ብቻ ነሽ። እህቴ ነሽ፣ አሳዘንሽኝ፤ ግን ነገሩ ካንቺ ቆዳ እንጂ ከቅባቱ አይደለም። ስንት ሴት የሚወደውን ነገር ለአንድ ሰው ብዬ ላበላሸው ነው?»

ግማሹ እውነት ነበርና ሰሚ አገኘ። እናቷ ሳትቀር አንገቷን ነቀነቀች። ሶፊያ እንባዋ መጣ፤ ለማንም አላሳየችውም። ወደ አቶ ተክለ ማርያም ዞረች።

«አባባ፣ ጣቢያ ሹም በነበሩ ጊዜ ነዳጅ የጫነ ፉርጎ ምልክት ሳይለጠፍበት ቢመጣ ያሳልፉት ነበር?»

ሽማግሌው የተሰደቡ ያህል ቀና አሉ። «ማን ነኝና? ሚኒስትር ቢደውል አላሳልፈውም።»

«በእርስዎ ጊዜ ስንት ፉርጎ ተቃጠለ?»

«በእኔ ጊዜ? አንድም።»

«አንድም ካልተቃጠለ ምልክቱ ለምን አስፈለገ?»

የሚያውቁትን ነገር ነው የጠየቀቻቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን በሥራቸው ባሉት ሠራተኞች ላይ ሲጮኹ የኖሩበትን።

«ፋኖስ ይዞ አጠገቡ ለሚያልፈው ሰው ነዋ» አሉ ሽማግሌው። «ለሌላው ምን ያደርግለታል።»

«ፋኖስ ይዤ የማልፈው እኔ ነኝ። አዎ፣ አንድ ነኝ። አትሽጥ አላልኩትም፤ ይሽጥ፣ ይክበር። ምልክቱን ይለጥፍበት ነው ያልኩት። ቀረፋ አለው ብሎ ይጻፍ። የሚስማማው ይግዛ፤ የማይስማማው ይለፍ።»

አቶ ተክለ ማርያም ወደ አቤሴሎም ዞሩ።

«ልጄ፣ ጻፍበት።»

«አልጽፍም» አለ አቤሴሎም። ፊቱ ጠቁሯል። «ዛሬ ብጽፍ ነገ እያንዳንዱ ባለ ሱቅ ያንኑ ቀረፋ ገዝቶ የኔን ቅባት ይሠራል። ሴቱም ጽሑፍ ሲያይ ይፈራል። የኔ ቅባት ፉርጎ አይደለም፣ አባባ።» ብልቃጡን አንሥቶ ሄደ።

ኡምሰልማ አለቀሰች፤ ለማን እንደምታለቅስ ራሷም አታውቅም። አቶ ተክለ ማርያም የሶፊያን ትከሻ ያዙና «ታገሺኝ፤ ቀስ ብዬ እመልሰዋለሁ። እስከዚያ አንቺም ዝም በይ» አሏት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አባባ» አለች። «ዝም አልልም።»

በዚያ ደጅ እንዲህ ያለ መልስ ተሰምቶ አያውቅም። ሽማግሌው እጃቸውን ከትከሻዋ አነሡ፤ ግን አልተቆጡም።

በማግስቱ ወደ ሰመራ ተሳፈረች። አዳይቱ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ሻጮች በመስኮት ማስቲካና ብስኩት ያቀርባሉ። የእያንዳንዱን ጀርባ እያገላበጠች ማንበብ ጀመረች፤ አንዱ ላይ ተጽፏል፣ ሌላው ላይ «ማጣፈጫ» ብቻ ተብሎ ታልፏል። የምን ማጣፈጫ እንደሆነ የሚናገር የለም። ንዴቷ ከአቤሴሎም አልፎ ሰፋ።

ፀጉር ቤቱ ስትደርስ ወንበሯ አጠገብ ሌላ ልጅ ቆማ ትሠራለች። ወንጌላዊት ዓይኗን ሰብራ ተቀበለቻት።

«ሶፊዬ፣ ምን ላድርግ ትያለሽ? ደንበኛ ቅባቱን ይፈልጋል፤ አንቺ ደግሞ ታስፈራሪብኛለሽ። አንቺና ቅባቱ እዚህ ቤት አብራችሁ ልትሆኑ አልቻላችሁም። ዕቃሽን ቀስ ብለሽ ሰብስቢ።»

ሶፊያ ማበጠሪያዎቿን ሰበሰበች። ከዚያ ወደ መደርደሪያው ሄዳ ቀይ ኩቴክስ አነሣችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። የአቤሴሎምን ቅባት አንድ በአንድ እያወረደች፣ በኩቴክሷ ብሩሽ ክዳኑ ላይ «ቀረፋ አለው» ብላ መጻፍ ያዘች። የጣቶቿ ስንጥቅ ገና በደንብ ስላልጠፋ ፊደሉ ይንጋደዳል፤ ግን ከሩቅ ይነበባል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ወንጌላዊት።

«ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነው።»

«ሶፊያ፣ ማን ፈቀደልሽ?»

«ማንም አልፈቀደልኝም። ውሸት ከሆነ አጥፊው። አሴቶኑ እዚያው ነው።»

ወንጌላዊት ጥጥ በአሴቶን ነክራ መጣች። በፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ያሉት ሴቶች ሁሉ ዓይናቸውን ጥጡ ላይ ጣሉ። አንዱን ክዳን አንሥታ አየችው። የሶፊያን እጅ አየች፤ ክንዷ ላይ ገና ያዥ የነበረውን ቁስልም አየች። ጥጡን እንደያዘች ቆማ ቀረች፤ አሴቶኑ በጣቶቿ መሃል ደረቀ።

ወረፋ ከሚጠብቁት መሃል ሀምዳ የምትባል የአፋር ሴት ነበረች፤ ለሠርግ ልትሠራ ከሎግያ የመጣች፣ ሕፃን ልጇን በጭኗ የያዘች።

«አንቺ» አለቻት ሶፊያን። «ቀዩ ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

«ቀረፋ አለው ይላል። የቀረፋ ኬሚካል። አንዳንዱን ሰው ያቆስላል።»

ሀምዳ የልጇን ልብስ አንገትጌ ወደ ታች ሳበችው። አንገቱ ዙሪያና ጆሮው ሥር ቀልቶ ተላልጧል።

«በዚህ ነው የምቀባው» አለች። «ሽታው ደስ ይላል። ሰውየው በላው እኮ፣ ዓይኔ እያየ ነው የበላው። ቁስሉን ወላሂ ሙቀት ነው ብዬ ነበር። ሲብስበት ደግሞ እጨምርለታለሁ።»

ሶፊያን የገዛ እጇ እንኳ እንዲህ አላንገበገባትም። «እሱ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም» አለች እንደምንም። «ዱብቲ ውሰጂው፣ ሐኪም ይየው። ግን ከዛሬ ጀምሮ አትቀቢው። ጠብታ እንኳ።»

«ማነው የሠራው?»

ወንጌላዊት ከሀምዳ ኋላ ሆና ራሷን ነቀነቀች፤ አትናገሪ ነው። ሶፊያ አይታታለች። እናቷም ትዝ አለቻት፣ ግድግዳው የተጋራው ቤትም ትዝ አላት።

«አቤሴሎም ይባላል፣ የአዋሽ ልጅ ነው» አለች። «ወንድሜ ነው። አንድ ጡት ጠብተናል።»

ስልኳን አወጣችና ደወለች። ድምፁ እንዲሰማ ከፍ አደረገችው። አቤሴሎም ወዲያው አነሣው።

«ሶፊ፣ ታረቅን?» አለ በዚያ በሚያስቅ ድምፁ።

«ሰው ላገናኝህ ነው» አለችና ስልኩን ለሀምዳ ሰጠቻት።

ሀምዳ ልጇን ወደ ትከሻዋ ከፍ አድርጋ ተቀበለች። ሰላምታም አልሰጠችውም። «አንተ ነህ ቅባቱን የበላኸው?» ብላ ጀመረች፤ የልጇን አንገት ከዚህ እስከዚህ እያለች ስትነግረው፣ አቤሴሎም ከዚያኛው ጫፍ ሳይስቅና ሳያስቅ እስከ መጨረሻው አዳመጣት።